አሮጌ ገንዘብ ሁሉ ውድ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዐምድ የተነጋገርነው ስለ ውሃ ወፍጮ ነበር። ዛሬ የምናነበው ስለ ጥንት ዘመን ገንዘብ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ግን በርከት ይላል። ቁጥር ሲያጋጥማችሁ አትዝለሉት፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብለን እንለየዋለን።

አንድ ጥያቄ እናንሳ። 1,700 ዓመት መሬት ውስጥ የቆየ እውነተኛ የሮማውያን ሳንቲም በአውሮፓ ገበያ ስንት ያወጣል ትላላችሁ? ብዙ ሰው «ኧረ ይህማ ቤት ይገዛል!» ይላል። አይገዛም። ከመዳብ የተሠራ፣ ፊቱ የተፋቀና የተለመደ ዓይነት ከሆነ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ይህም የአንድ ተራ ምሳ ዋጋ ቢሆን ነው። የረከሰው የውሸት ስለሆነ አይደለም። እውነተኛ ነው። ታዲያ ለምን ረከሰ?

መልሱን ገበሬ ያውቀዋል። ጤፍ በጥር ይረክሳል፤ በነሐሴ ይወደዳል። ጤፉ ያው ጤፍ ነው። በጥር ግን ጎተራው ሁሉ ሙሉ ነው፤ ሻጩ ይበዛል። በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፤ ፈላጊው ይበዛል። እንግዲህ የዕቃ ዋጋ የሚወሰነው በዕድሜው አይደለም። ስንት አለ? ስንት ሰውስ ይፈልገዋል? በእነዚህ በሁለቱ ነው። ድንጋይ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ ነገር ግን ስለ ሽምግልናው ብሎ የሚገዛው የለም።

ለምን በዛ?

የጥንት ሳንቲም የበዛበት ምክንያት አራት ነው።

አንደኛ፣ ሲሠራም ብዙ ነበር። የሮማ መንግሥት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ነበረው። ወታደር ደመወዝ ይፈልጋል። ገንዘቡን የሚመቱት በእጅ ነበር። ሥዕልና ጽሕፈት የተቀረጸበት ጠንካራ ማኅተም ከታች ይቀመጣል። በላዩ ክብ መዳብ ይደረጋል። ሌላው ማኅተም ከላይ ይያዝና በመዶሻ ይመታል። በአንድ ምት አንድ ሳንቲም ይወጣል። አንዱ ጥንድ ማኅተም እስኪያልቅ ድረስ በሺህ የሚቆጠር ሳንቲም ይመታል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከለንደን እስከ እስክንድርያ ከአሥር በሚበልጡ ከተሞች እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራ ነበር።

ሁለተኛ፣ ብረት እንደ ጨርቅ ወይም እንደ እንጨት ቶሎ አይበሰብስም። ወርቅ አይዝግም። መዳብ አረንጓዴ ቅርፊት ያበጃል እንጂ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በዚያ ዘመን ደግሞ ተራው ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ባንክ አልነበረውም። ባንኩ መሬት ነበር። በእንስራ አድርጎ ይቀብራል። ከዚያ ጦርነት ይመጣል ወይም በሽታ ይገባል። ባለቤቱ ሳይመለስ ይቀራል። እንስራው ግን እዚያው ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ራሱ ይረክስ ነበር። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የሮማ የብር ገንዘብ ንጹሕ ብር ነበር ማለት ይቻላል። በ270 ገደማ ግን «ብር» የተባለው ሳንቲም ከመቶው 5 እጅ እንኳ ብር አልነበረውም። የቀረው መዳብ ነው። መንግሥት ወጪው ሲበዛበት ብሩን እየቀነሰ ብዙ መታ። ብዙ ሲመታ ዋጋው ወደቀ። ዋጋው የወደቀ ሳንቲም ቢጠፋ አጥብቆ የሚፈልገው ማነው?

አራተኛ፣ በእኛ ዕድሜ ሰዎች የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው እርሻ ለእርሻ መዞር ጀመሩ። ስለዚህ ከምድር የሚወጣው ሳንቲም ይጨምራል። የሰብሳቢው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አይጨምርም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ማርትሬዛ ብርን ታውቁታላችሁ። የእናቶቻችን ጌጥ ነበር። በላዩ 1780 የሚል ዓመት አለ። ነገር ግን 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መትተውታል። ብዛቱ በመቶ ሚሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ «የ1780 ነው» ተብሎ ውድ አይሆንም። ለተለመደው ዓይነት የሚከፈለው በአብዛኛው የብሩ ክብደት ዋጋ ነው።

በሌላ በኩል ጥቂት ብቻ የሆነውን እንይ። ብሩተስ የተባለ ሮማዊ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዩልየስ ቄሣርን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ግድያ የሚያወድስ ገንዘብ አስመታ። ከወርቅ የተመታው በዓለም ላይ የሚታወቀው በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነዚህ አንዱ በ2020 ለንደን ላይ በጨረታ ወደ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የጥንት ገንዘብ ሁሉ ሀብታም ያደርጋል የሚለው ወሬ የሚነሣው እንዲህ ካለው ዜና ነው። ነገር ግን ዜና የሚሆነው ብርቅ ስለሆነ ነው። ለመሆኑ የዚያ ወርቅ መጨረሻ ምን ሆነ? ከየት እንደተገኘ የሚናገረው ወረቀት ሐሰተኛ መሆኑ ታወቀ። በ2023 የኒው ዮርክ ባለሥልጣኖች ለግሪክ አገር መለሱት።

የአንድ ጋን ታሪክ

አሁን በእንግሊዝ አገር ወደ ተገኘ አንድ ጋን እንሂድ። በ2010 ሚያዝያ ወር፣ ፍሩም ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ አንድ ሰው የብረት መፈለጊያ ይዞ በእርሻ ላይ ሲዞር መሣሪያው ጮኸ። ጥቂት ቆፈረ። የጋን አፍና ሳንቲሞች አየ። በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር አደረገ። ቁፋሮውን አቆመ። ጉድጓዱን መልሶ ሸፈነና የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎችን ጠራ። አርኪዎሎጂ ማለት ከመሬት በታች ካለው ዕቃ የጥንቱን ኑሮ የሚያጠና ትምህርት ነው።

ባለሙያዎቹ መጡ። ሳንቲሙን ከላይ ወደ ታች፣ ደርብ በደርብ እየለዩ አወጡት። ሲቆጠር 52,503 ሆነ። ክብደቱ 160 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከአንድ ኩንታል ተኩል ይበልጣል። ቤተ መዘክር እንዲገዛው ሲገመት ዋጋው 320,250 ፓውንድ ተባለ።

«ይኸው! ብዙ ገንዘብ አይደለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናካፍል። 320,250ን ለ52,503 ስናካፍል ለአንዱ ሳንቲም የሚደርሰው 6 ፓውንድ ከትንሽ ነው። ያውም በመካከሉ ብርቅ የሆኑ የብር ገንዘቦች ነበሩበት። አንዱ ለብቻው ምሳ ነው። ዋጋ የሰጠው ብዛቱና አንድ ላይ መገኘቱ ነው።

ትልቁ ትርፍ ግን ሌላ ነው። በጋኑ ውስጥ ከ286 እስከ 293 ብሪታንያን የገዛው የካራውስየስ ገንዘብ ተገኘ። በዕድሜ ከሁሉ የመጨረሻው እሱ ነው። ገንዘቡ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የተጠራቀመ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ከላይ፣ ወደ አፉ በተገኘ ነበር። የተገኘው ግን ወደ ታች ጠለቅ ብሎ ነው። አሮጌው ከላዩ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደገባ ታወቀ። ጋኑም ስስ ነው፤ ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ከቦታ ቦታ ሊሸከሙት አይችሉም። እንግዲያው መጀመሪያ ባዶውን ተቀበረ፤ ኋላ ተሞላ። ይህን ያዩ ባለሙያዎች «ምናልባት ሰዎች ተሰብስበው ለአምላካቸው ያቀረቡት ስጦታ ነው» ብለው እስከ ማሰብ ደረሱ።

ልብ በሉ! ሰውዬው ሳንቲሙን በከረጢት ዝቆ ቢሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር። ሳንቲሞቹ አይጠፉም፤ እያንዳንዳቸው በስድስት ስድስት ፓውንድ ይሸጡ ነበር። የሚጠፋው ወሬያቸው ነው። ሳንቲም እንደ ፊደል ነው። አንዷ ፊደል ብቻዋን ምን ትናገራለች? ከሌሎቹ ጋር በቦታዋ ስትቀመጥ ግን ቃል ትሆናለች።

የእኛስ አገር?

እኛም በጥንት ዘመን ገንዘብ ከመቱት ሕዝቦች አንዱ ነን። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ትመታ ነበር። የመጀመሪያው የሚታወቀው የንጉሥ እንዱቢስ ነው። በብዙዎቹ የወርቅ ገንዘቦች ላይ የንጉሡ ምስል ግራና ቀኝ በእህል ዛላ ተከብቦ ይታያል። አያችሁ፣ በንጉሥ ገንዘብ ላይ ገበሬው ያመረተው እህል ነበር! መጀመሪያ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ይቀረጽ ነበር። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ወጣና መስቀል ገባ። ይህን የሃይማኖት ለውጥ ሳንቲሙ ራሱ ይመሰክራል።

የወርቁ ገንዘብ ለውጭ ንግድ ስለሚሆን ጽሕፈቱ በአብዛኛው ግሪክ ነበር። በአገር ውስጥ በሚዞረው በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ግዕዝ እየገባ ሄደ። እናንተ ዛሬ የምታነቡት ፊደል በዚያን ጊዜ በሳንቲም ላይ ነበር። አንድ የመዳብ ዓይነት ደግሞ አለ። የንጉሡ ስም የለበትም፤ በግሪክ «ንጉሥ» ብቻ ይላል። በጀርባው መስቀል አለ። በዙሪያው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሕፈት አለበት። ይህ ዓይነት በጣም ብዙ ነው። በአገራችን ብቻ ሳይሆን በግብጽና በፍልስጤም ምድርም ተገኝቷል። ብዙ ስለሆነ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ከአክሱም ገንዘብ ርካሹ እሱ ነው።

ቦታ ምን ያህል እንደሚናገር የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ደግሞ የመን ውስጥ አለ። በ1980 ከኤደን ወደብ በስተ ምዕራብ አል ማድሃሪባ በሚባል ስፍራ 1,194 የወርቅ ገንዘብ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ 868 የአክሱም ነው። የቀረው የሮማ ነው። የአክሱምና የሮማ ወርቅ በባሕር ማዶ ጎን ለጎን እንደ አንድ ገንዘብ ይሠራበት እንደነበር ከዚህ ተረዳን። ወርቆቹ አንድ በአንድ ተሸጠው ቢበተኑ ኖሮ ይህን ማን ይነግረን ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በሰሜን አገራችን ዝናብ ሲዘንብ ወይም ማረሻ ሲያልፍ አረንጓዴ ክብ ነገር ብቅ ይላል። አንዳንዱ «ሀብት አገኘሁ» ብሎ ይደብቀዋል። ደላላው ጥቂት ብር ሰጥቶ ይወስደዋል። አንዳንዱ ደግሞ «ምንም አያወጣም» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ያ መዳብ ለሻጩ ብዙ አያወጣም። የተገኘበት ቦታ ግን ካልተመዘገበ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም። ሻጩ ያገኘው የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ አገር ያጣችው አንድ ገጽ ነው። ርካሽ ስለሆነ ማንም አይጠይቅለትም። ርካሽ ስለሆነ ወረቀት አይጻፍለትም። እንዲህ እያለ በሺህ የሚቆጠር ገጽ ይጠፋል።

ሕጉም ይህን አስቦበታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ እንዲጠብቀው ደንግጓል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ከልክሏል።

ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

1. በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በሎሚ አትሹት። አረንጓዴው ቅርፊት ሲፋቅ ጽሕፈቱም አብሮ ይሄዳል።

2. ከአንድ በላይ ከሆነ ቁፋሮውን አቁሙ። ጉድጓዱን መልሳችሁ ሸፍኑ።

3. ቦታውን ጻፉ። የማን እርሻ ነው? ከየትኛው ዛፍ ወይም ድንጋይ ስንት እርምጃ ይርቃል? ምን ያህል ጥልቀት አለው? ቀኑ መቼ ነው? ይህን ለመጻፍ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እናንተ አሁን የምታውቁት ፊደል ይበቃል።

4. ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ለማን እንደሰጣችሁት የሚያሳይ ወረቀትም ጠይቁ። ወረቀት መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ማንበብም ትችላላችሁ።

ጥያቄዎች

ሀ. ጤፍ በጥር ለምን ይረክሳል? ይህ ከሮማ ሳንቲም ጋር በምን ይመሳሰላል?

ለ. የመን ውስጥ ከተገኘው 1,194 ወርቅ 868ቱ የአክሱም ነው። የሮማው ስንት ነው? ቀንሳችሁ ጻፉ።

ሐ. ጎረቤታችሁ በእርሻው አንድ ሳንቲም አግኝቶ ደላላ መጣበት እንበል። ምን ትመክሩታላችሁ? በአምስት መስመር ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።