«ሐዋሳን አየን» ለሚሉ ጓደኞቻችን



በዚህ ሰሞን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተዘጋጀ የአንድ ቀን የጉብኝት መርሐ ግብር ተለጥፎ አይተናል። ጧት አሞራ ገደል፣ ቀጥሎ ጀልባ፣ ምሳ በአንድ ትልቅ ሆቴል፣ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ላይ ፎቶግራፍ፣ ማታ ወደ ግቢ። በወረቀቱም ራስጌ «ሐዋሳን እንወቅ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እኛ ግን በዚህ መርሐ ግብር የሚታወቀው ሐዋሳ አይደለም፤ ከውሃው ጫፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ የተዘረጋች አንዲት ቀጭን መሬት ናት እንላለን። የከተማይቱ ስም በሲዳምኛ ስፋትን የሚያመለክት ነው ይባላል። እንግዲህ ስሟ ሰፊ የሆነውን ከተማ አጥብበው አጥብበው የአንድ ፎቶግራፍ ያህል ያደረጓት እነማን ናቸው?

መዝናናት ኃጢአት ነው የምንል ባሕታውያን አይደለንም። የሐይቁ ነፋስ ለእኛም ደስ ይለናል፤ የቆሮሶ ጥብስ በዳጣ ሲቀርብልንም ፊታችንን አናዞርም። ጠባችን ከሐይቁ ጋር ሳይሆን፣ አንድን ከተማ የሚያህል ነገር እንደ እንግዳ መቀበያ ክፍል አድርጎ ከሚመለከት አስተሳሰብ ጋር ነው።

እስቲ ከሐይቁ ዳርቻ ራሱ እንጀምር። በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰው አጥር ከአጥር እየተቀባበለ ይሸኘዋል። ስሙን ከማንጠራው አንድ መዝናኛ በር ላይ ዘበኛው እኛን «ታዛላችሁ ወይስ ትመለሳላችሁ?» ብሎ ጠይቆናል። ሰውዬው የታዘዘውን ነው የሠራ፤ በእርሱ አንፈርድም። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። የጋራ ሀብቱን ለማየት ግን ቡና ማዘዝ ግድ ሆኗል። በብራዚል የባሕር ዳርቻ በሕግ የሕዝብ በመሆኑ፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተራራው የድኻ ሰፈር ልጅም የትልቁ ሆቴል እንግዳም ኮፓካባና ላይ አንዱን አሸዋ ይረግጣሉ። ሪዮ በዚህ ምክንያት እንግዳ አጣች ሲባል አልሰማንም። እዚህም ቢሆን ሕዝቡ በነጻ የሚንሸራሸርበት ከፍ ያለ መንገድ አለ። ያም ቢሆን ለሽርሽር ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ የተደለደለ ግድብ ነው። ድኻው የሚዝናናው በጎርፍ መከላከያ ላይ ነው ማለት ነው።

አሞራ ገደል የሚሄዱት ጓደኞቻችን የሚደርሱት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዓሣው ተበልቶ፣ ጦጣው ሙዝ እየለመነ፣ አባ ኮዳውም በረጅም እግሩ ቆሞ የዓሣ ራስ እየጠበቀ ያገኙታል፤ ሥዕሉም ያምራል። መረቡ ግን የተጣለው በዋዜማው ማታ ነው፤ የሚነሣውም ሳይነጋ ነው። በብርድ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ መረብ የሚፈታው ሰው፣ በትንሽ ቢላዋ ቆዳውን ገፍፎ አጥንቱን የሚለየው ልጅ፣ እንግዳው ሲመጣ ሥራቸውን ጨርሰዋል። በዚህ ሐይቅ አጥማጆችና በዙሪያው ባሉ ተማሪ ቤቶች ልጆች ላይ ቢልሃርዝያ መገኘቱን ያጠኑና የጻፉ ምሁራን አሉ። ጥናቶቹ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተኝተዋል፤ መርሐ ግብሩ ላይ የሉም። (መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው፤ ለተኛው ወረቀት ጥፋተኛው ጸሐፊው ሳይሆን አንባቢው ነው።) የመረብ ዓይን እየጠበበ፣ ጫጩቱ ቆሮሶ ሳይደርስ እየወጣ መሄዱንም አጥማጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ለምን ታጠባላችሁ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። የልጁን እራት ለማግኘት የሚጥል ሰው የሚመጣውን ዓመት ዓሣ እንዲያስብ ከተፈለገ ግን መጀመሪያ የሚያናግረው ሰው ማግኘት አለበት።

ይህን ከተማ የቆረቆሩት ሆቴሎች አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሳሉ ሲቆረቆር፣ ቦታው የሲዳማ ሕዝብ ከብቱን የሚያሰማራበት አገር ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱም ዋና ከተማ ይርጋለም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ኮረም ሰፈር፣ ዐረብ ሰፈር፣ ፒያሳ፣ አቶቴ፣ ታቦር እያልን የባጃጅ ሂሳብ የምንከፍልባቸው ስሞች እያንዳንዳቸው የመጣና የተነሣ ሰው ታሪክ አላቸው። ከከተማው ዳር ያለችው ሎቄም ታሪክ አላት፤ ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ስለዚህ ከተማ አስተዳደር ጥያቄ ይዘው በሰላም የወጡ የሲዳማ ሰልፈኞች የተገደሉባት ቦታ ናት። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተሰጠው ሕዝበ ውሳኔና ሐዋሳ ዛሬ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ መሆኗ ከሎቄ ተነጥሎ አይነገርም። ከሐይቁ አጠገብ ያለው ጉዱማሌም ለጓደኞቻችን ባዶ ሜዳ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጫምበላላ ሲከበር ሽማግሎች የሚቀመጡበት፣ ወጣቱም ቄጣላ የሚጨፍርበት መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። አራት ዓመት እዚህ ተምሮ ከገበያ ቆጮ ለምትሸጥለት እናት «ኬሬ» ብሎ ሰላም ማለት የማይችል ተመራቂ፣ ዲግሪውን ይዞ ሲሄድ ከየት ተመረቅህ ቢሉት ምን ይመልሳል?

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን ሌላ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከዋናው ግቢያችን ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60,000 ሰው ሥራ ይሰጣል ተብሎ ነበር። ከገጠር የመጡ፣ አብዛኞቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ልጆች ገቡበት። አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበረ አስታውቋል። አንዲቱን ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው፣ ፍራሽ በተራ እየተኙ፣ ሸሚዝ ለአሜሪካ ሰፉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ትልቁ ኩባንያ ሥራውን መዝጋቱን አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነጻ ዕድል አገደች። የጦርነቱን ዕዳ መርፌ የያዘችው ልጅ ከፈለች። ከሥራ የወጡት የት ደረሱ ብሎ የጠየቀ ክበብ በግቢያችን ውስጥ አላየንም። ስለ ሐይቁ ጀንበር መጥለቅ ግን የፎቶግራፍ ውድድር ተደርጓል፤ ሽልማትም ተሰጥቷል።

«ቱሪዝም እንጀራ ነው፤ እናንተ ገበያ ታባርራላችሁ» የሚሉን አሉ። እንጀራ መሆኑን አንክድም፤ ሳሕን አጣቢዋም፣ ባለ ባጃጁም፣ ጀልባ ቀዛፊውም ከዚያው ይበላሉ። ነገር ግን እንግዳው የሚመጣው ግንቡን ሊያይ አይደለም፤ ውሃውን ሊያይ ነው። ይህ ሐይቅ ደግሞ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ጥቁር ውሃ ነው፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም። ከሰፈሩም፣ ከሆቴሉም፣ ከፋብሪካውም፣ ከእርሻውም የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ስለ አቶቴ ቦይ ወይም ስለ ታቦር ሰፈር ቆሻሻ ማውራት ከሐይቁ ወሬ መውጣት አይደለም። የላይኛው ሰፈር የሚጥለውን ነገ የታችኛው ሆቴል እንግዳ ይዋኝበታል።

መተቸት ብቻ እንዳይሆንብን የራሳችንን መርሐ ግብር አዘጋጅተናል። ሌሊት በ11 ሰዓት አሞራ ገደል፣ መረብ ሲነሣ፤ ጧት መነኸሪያና ገበያ፤ ምሳ ከሲዳማ እናቶች ዘንድ ቡርሳሜ፤ ከሰዓት በኋላ ኮረም ሰፈር፣ የከተማውን አመሠራረት የሚያስታውሱ አዛውንቶች ፈቃዳቸው ከሆነ ለመስማት፤ ከዚያ ጉዱማሌ፤ ወደ ማታ የፓርኩ ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ በር ላይ። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚፈልግ አስፈቅዶ ያንሣ። ወጪው የአውቶቡስና የምሳ ብቻ ስለሆነ ከሆቴሉ ምሳ በብዙ ያንሳል፤ ለጀልባም የሚተርፍ ገንዘብ ይኖራል።

ወረቀቱን ፈርመን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሰጥተናል። የጉብኝቱ ቀን ሳይደርስ መልሱን በዚሁ ጋዜጣ እንጠብቃለን።