ልመና ማስታወቂያ አይደለም

ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልጀምር። ያለ አሳታሚ፣ በራሳቸው ጥረት የሚጽፉ ወጣት ደራሲዎቻችን አዲስ የወንጀል ምርመራ ወይም የሳይንስ ልብ ወለድ በሶፍት ኮፒ ሲያወጡ መጽሐፉን እየሸጡት አይደለም፤ እየለመኑበት ነው። ልመናው ደግሞ መጽሐፋቸውን ከሌባ አላዳነውም። እንዲያውም ለሌባው በሩን ወለል አድርጎ የከፈተለት እሱው ነው።

«እንዴት ሆኖ?» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ እንነጋገር።

የተለመደውን ማስታወቂያ ታውቁታላችሁ። ስም አልጠራም፤ ደግሞም የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙዎች ነው። ከላይ ሙሉ ጨረቃ፣ ከታች ኮፍያ ያጠለቀ ጥላ፣ መሀል ላይ ደም የሚያንጠባጥብ ፊደል ያለበት ሽፋን ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ለዓመታት እንቅልፍ ያጣሁበት፣ ብዙ መሥዋዕትነት የከፈልኩበት፣ በዓይነቱ ልዩ የሆነው መጽሐፌ ተወለደ። ጥበብን የምትወዱ አግዙኝ። ሼር በማድረግ ተባበሩኝ።» ቀጥሎ የቴሌብር ቁጥር። አለቀ።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ገና ከጅምሩ አእምሯችን ውስጥ የሚቀረቅሩብን ስድስት ጥያቄዎች አሉ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ዜና እነዚህን ካልመለሰ ዜና አይደለም። እናም ማስታወቂያውን በዚህ ሚዛን ስመዝነው ምን አገኛለሁ? ደራሲው እንቅልፍ ማጣቱን አወቅሁ፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ደራሲው መሥዋዕትነት መክፈሉን አወቅሁ፤ መርማሪዋ ምን እንደጠፋባት ግን አላወቅሁም። የወንጀል ልብ ወለድ ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው ስለ ወንጀሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ ማለት ነው!

እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ የሚያውቅ ሰው ንግድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጀልባው ዳር ይደርሳል፣ ቆሮሶው ይራገፋል፣ ልጆቹ ቢላቸውን ይዘው ዓሣውን ይገፋሉ፣ አሞራዎቹ ደግሞ እንደ ዘበኛ ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። ዓሣ አጥማጁ ሌሊቱን ብርድ ላይ ማደሩን አይነግራችሁም። ማደሩ እውነት ነው፤ ግን አይነግራችሁም። ስንጥቡን ገለጥ አድርጎ ቀይ መሆኑን ያሳያችኋል። ትኩስ ከሆነ ትገዛላችሁ፣ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ከንፈሩን እየመጠጠ ዓሣ የሚገዛ ሰው እስካሁን አላየሁም። «ጓደኛዬ ዓሣ ገዝቷል፣ ለእኔ በነጻ ስጠኝ» የሚልም አላየሁም።

የልመናው ችግር እዚህ ላይ ነው። «አግዙኝ» የተባለ ሰው ገዢ አይሆንም፣ አጋዥ ይሆናል። አጋዥ ደግሞ ዕዳ የለበትም፤ ያገዘውን ያህል አግዟል። «ሼር በማድረግ ተባበሩኝ» የተባለ ልጅ ፋይሉን ሲያገኝ ለሃያ ጓደኞቹ ይልካል። ስትጠይቁት ምን ይላል? «እንዲነበብለት ብዬ ነው!» ከልቡ ነው የሚለው። ሌብነት አይመስለውም፤ ደራሲው ራሱ መጽሐፉን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ውለታ አቅርቦለታላ! ከዚያ በኋላ የሽፋኑ ምስል በተለጠፈበት ሁሉ ሥር «ፒዲኤፍ ያለው?» የሚል ሰው ይሰለፋል። የሚያሳዝነው ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ያገኛል።

የሚገርመኝ፣ ከሁሉም ዘርፍ ልመና የማያስፈልጋቸው እነዚህ ሁለቱ መሆናቸው ነው። ምስጢርና ምርመራ የሚሸጠው በጥያቄ ነው። የሳይንስና የምናብ ልብ ወለድ የሚሸጠውም «ቢሆንስ?» በሚል ጥያቄ ነው። አሞራ ገደል ላይ አንዲት ሴት ለምሳ የገዛችው ዓሣ ሆድ ውስጥ የጠፋ ሰው የጋብቻ ቀለበት ብታገኝስ? የሐዋሳ ሐይቅ አንድ ማለዳ ላይ ደርቆ፣ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመው ቢገኙስ? ይኸው ሁለት መስመር ነው፤ እኔ ደራሲ አይደለሁም፣ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማወቅ አልፈለጋችሁም? እንግዲህ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር የያዘ ሰው ለምን ስለ እንቅልፉ ያወራኛል?

ሌላው የሚያስቀኝ «በአማርኛ የመጀመሪያው የሳይንስ ልብ ወለድ» የሚለው ፉከራ ነው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ገበያ ላይ የዋለው በ2001 ዓ.ም. ነው። የጣና ገዳማትን ከስለላና ከጠፈር ሳይንስ ጋር ያጋጠመ መጽሐፍ ነበር። ያብጠለጠሉት ነበሩ፣ ያበዱለትም ነበሩ፤ አንባቢው ግን እየተቀባበለ አነበበው፣ በተደጋጋሚ ታተመ፣ ተከታዮቹም ወጡ። ከዚያ በፊትስ? ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው የስለላ መጻሕፍት አንድን ትውልድ እንቅልፍ ነስተዋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» እኮ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ አሥመራ ላይ ፍቅርና ስለላ የተጠላለፉበት ታሪክ ነው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ደግሞ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ከእነዚህ በኋላ የመጣ ሰው «የመጀመሪያው ነኝ» ሲለኝ፣ ከእሱ በፊት የተጻፈውን አላነበበም ብዬ ነው የማስበው። ያላነበበ ደራሲን መጽሐፍ ደግሞ ለምን እገዛለሁ?

«ታዲያ ምን ያድርግ? አሳታሚ የለው፣ የማስታወቂያ ገንዘብ የለው፣ የወረቀት ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይለዋል» የሚል ሙግት እሰማለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ሶፍት ኮፒ የመረጠውም ለዚህ ነው፤ ደግ አደረገ። ግን ሶፍት ኮፒ ወረቀት የለውም እንጂ ማቅመሻ የለውም ያለው ማን ነው? የመጀመሪያውን ምዕራፍ በነጻ ልቀቀው! አሥር ገጽ፣ አሥራ አምስት ገጽ። ሬሳው የሚገኝበትን ገጽ። ልክ በሩ ሲንኳኳ አቁመው።

ማቅመስ ገበያ አይገድልም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከመጻሕፍት ዓለም ላይ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለው ሳይቀር ሰማው። በነጻ ነበር የተሰማው። ታዲያ መጽሐፉ ሞተ? ይኸው እስከ ዛሬ እየታተመ ይሸጣል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ስምም እንደከበረ ነው። ወደ ውጭ ከሄድን ደግሞ አንዲ ዌር የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ፕሮግራመር አለ። ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ ጠፈርተኛ የጻፈውን «ዘ ማርሽያን» ምዕራፍ በምዕራፍ በገዛ ድረ ገጹ ላይ በነጻ አወጣው። አንባቢዎቹ «ለኪንድል እንዲመች አድርገህ አውጣልን» አሉት። እ.ኤ.አ. በ2011 በ99 የአሜሪካ ሳንቲም አወጣው፣ ሰው ገዛው፣ አሳታሚ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሆሊውድ ፊልም ሠራው። ልብ በሉ፤ ድረ ገጹ ላይ በነጻ አንብበውት የነበሩት ናቸው እንዲሸጥ የጠየቁት። ታሪኩ ነው ያስጠየቃቸው።

እኛ ግን ማቅመሱን ትተን ምስክር እናስቆጥራለን። በቅርቡ አንድ ደራሲ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። መጽሐፉን አልላከልኝም። የላከልኝ ተጽፎ ያለቀ አድናቆት ነው፦ «እስትንፋስን የሚያስቆም!» ምናምን። «በስምሽ ለጥፊልኝ» አለኝ። መጀመሪያ መጽሐፉን ላክልኝ ስለው «አንቺም እንደነሱ ነሽ» ብሎ ዘጋኝ። እኔ ያልለጠፍኩትን ሌሎች ሦስት ሰዎች ቃል በቃል ለጥፈውት አየሁት፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልቀየሩም። እንዲህ ያለው አድናቆት አንድ ጊዜ ይሠራ ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ ግን አንባቢው የተታለለበትን ገንዘብ ያስታውሳል፣ ቂሙንም የሚወጣው ምንም ባላጠፋ በሚቀጥለው ደራሲ ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ አንባቢዎቹ። ደራሲውን ስለወቀስኩ እኛ ንጹሕ የሆንን እንዳይመስላችሁ። ለምኖ የሸጠም ቢሆን የራሱን ነው የሸጠው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ሥራው የሱና የወራሾቹ እንደሆነ ይናገራል። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነው። ቀልድ አይደለም። ይሁንና የተሰረቀ ፒዲኤፍ የሚለጥፉ የቴሌግራም ቻናሎች በጠራራ ፀሐይ፣ የራሳቸውን ዓርማ እያንዳንዱ ገጽ ላይ አትመው ይሠራሉ። በሰው ላብ ተከታይ ይሰበስባሉ፣ ከዚያ በተከታያቸው ብዛት ማስታወቂያ ይሸጣሉ። አሞራ ገደል ያሉት አሞራዎች እንኳ ከዚህ ይሻላሉ፤ የተጣለውን ነው የሚበሉት፣ ሙሉውን ዓሣ ከነጀልባው አይወስዱም።

«ድሃ ነኝ፣ መግዣ የለኝም» የሚል አንባቢ አለ። የምሩን ከሆነ እረዳዋለሁ። ተውሶ ማንበብም ነውር የለውም። ግን አብዛኞቻችን የምሩን አይደለም። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ጥብሱን ከነዳጣው አዝዘን፣ ሾርባ ጨምረን፣ ፎቶ አንስተን ከለጠፍን በኋላ ነው «ፒዲኤፍ ያለው?» የምንለው። የመክፈያ መንገድ የለም እንዳንል ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኪሳችን ውስጥ ነው። ጎድሎ የነበረው ገንዘብ ሳይሆን ልማድ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚጎዳው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የምስጢር ልብ ወለድ አንድ መጽሐፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም። መርማሪዋን ከወደድናት ሌላ ወንጀል እንድትመረምር እንፈልጋለን፤ ዘርፉ በተከታታይ ነው የሚኖረው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በሺህ የሚቆጠር ሰው አንብቦለት የመቶ ሰው ክፍያ እንኳ ያላገኘ ደራሲ ሁለተኛውን በምን አንጀቱ ይጽፋል? አይጽፍም። ሥራ ይቀጠራል፣ ወይም ዝም ይላል። ከዚያ እነዚያው ፒዲኤፉን የተቀባበሉት ሰዎች መጥተው «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» ይሉታል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳናውቅ የቀረንባቸው ታሪኮች ገዳይ፣ ወገኖቼ፣ እኛው ነን።

ስለዚህ ደራሲው ወንድሜ፣ ደራሲዋ እህቴ፣ ከሚቀጥለው መጽሐፍ ጀምሮ «አግዙኝ» የምትለውን ቃል ከማስታወቂያው ላይ ሰርዟት። በምትኩ የታሪኩን ጥያቄ በሁለት መስመር ጻፉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በነጻ ልቀቁ፣ የቀረውን ዋጋውን በግልጽ ለጥፉበት፣ አትፈሩ። አርታኢ ካየው ስሙን ጻፉ፤ ካላየው መጀመሪያ ይየው። ገጹን ስልክ ላይ እንዲነበብ አድርጋችሁ አዘጋጁት፤ ለወረቀት የተሠራ ሰፊ ገጽ እየጎተትን እያጠበብን ማንበብ ቅጣት ነው። የምርቃት አዳራሽ መከራየቱንም ተዉት። ወረቀት ለሌለው መጽሐፍ ሦስት ሰዓት ንግግር ምን ያደርጋል?

እኛ አንባቢዎች ደግሞ ምዕራፍ አንዱን እናንብብ። ካልጣመን እንለፈው፤ ለማንም ምጽዋት አንስጥ። ከጣመን ግን የአንድ ሳህን ዓሣ ዋጋ እንክፈልና ፋይሉን ለማንም አናስተላልፍ። ጓደኛችን «ላክልኝ» ካለን ምዕራፍ አንዱንና የደራሲውን አድራሻ እንላክለት።

ክፍል ሁለት የምትፈልጉ፣ ክፍል አንድን ግዙ።