«የጸዳ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ፣ የዱራሜው መኪና እስኪሞላ ብዬ አንድ ጭማቂ ቤት ጎራ አልኩ። ልጁ ብርጭቆውን ባልዲ ውስጥ ነከር አድርጎ አወጣው። የባልዲው ውሃ የአቮካዶ መልክ ይዟል። «ንጹህ ነው ግን?» አልኩት። «የጸዳ ነው ወንድሜ!» አለኝ ፈገግ ብሎ።

አልዋሸም። በእኛ አፍ የማይጸዳ ነገር የለም፦ የጸዳ ስልክ፣ የጸዳ ጫማ፣ የጸዳ ቪዲዮ። ቃሉ «አሪፍ» ማለት ሆኗል። ሐኪም «ከጀርም የጸዳ» ሲል ግን በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ጨርሶ የለበትም ማለቱ ነው። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ እዚያ ለመድረስ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ የታመቀ እንፋሎት ውስጥ ይቆያል። እጃችን በሳሙና ቢታሽ እንኳ ጀርሙ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም።

ብርጭቆም ያን ያህል አይጠይቅም። መጀመሪያ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቆሻሻውን ማንሳት፣ ቀጥሎ በበረኪና ጀርሙን መግደል፣ ከዚያ ማለቅለቅ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። በ2012 በኮሮና ሰበብ ኪሳችን የገባው ሳኒታይዘርም ቅባትና አቧራ የያዘ እጅ ላይ ብዙ አይረዳም።

«የቃል ጉዳይ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?» የሚል አይጠፋም። ከዓመታት በፊት ወረርሽኝ ሲነሳ «አተት» እየተባለ ነበር የሚነገረን። በ2014 ማብቂያ ባሌ ላይ የተነሳው ግን በስሙ ኮሌራ ተባለ። «ኮሌራ» ሲባል የሚደነግጥ ሰው «አተት» ሲባል ላይደነግጥ ይችላል። የኮሌራ ጀርም ደግሞ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥም አይታይም።

ልጁን አልፈርድበትም። ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ገዢው ማየት ለማይችለው ጥራት ሻጩ ወጪ አያወጣም። ሳሙና የገዛውም ያልገዛውም ጭማቂውን በአንድ ዋጋ ከሸጡ፣ የሚከስረው ሳሙና የገዛው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በየመናኸሪያው ነጋዴዎች በጋራ የሚጠቀሙበት የቧንቧ ውሃ ነው፤ ይህ የከተማ አስተዳደሮች ሥራ ነው። ሁለተኛው የእኛ ነው። ከእንግዲህ «ንጹህ ነው?» አንበል፤ መልሱ ሁሌም «የጸዳ ነው» ነውና። «በምን ታጠበ?» እንበል።