መርዝ ሳይሆን መርፌ፦ ስለ መንገድ ውሾች፣ ከአምደወርቅ እስከ አዲስ አበባ



ዛሬ ስለ መንገድ ውሾች ልፅፍ ነው። "ሐኪም ስለ ውሻ ምን አገባው?" የምትሉ አትጠፉም። በደንብ ያገባዋል! በሀገራችን በየዓመቱ ወደ 2,700 የሚጠጉ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ይገመታል። በዓለም ደረጃ ደግሞ 59,000 ገደማ። ከሟቾቹ ከ10ሩ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሰውን ከሚይዘው ሬቢስ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሰፈሩ ውሻ ጤና የልጆቻችሁም ጤና ነው።

ታድያ ውሻ ሲበዛ መጀመሪያ የሚታሰበን ምንድነው? መርዝ። ስትሪክኒን በስጋ ተደርጎ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ሬሳ ይለቀማል። ለጥቂት ጊዜ ሰፈሩ ፀጥ ይላል። ከዚያስ? ቄራው፣ የስጋ ቤቱ ትራፊ፣ የቆሻሻ ገንዳው እዛው ስላለ ከሌላ ሰፈር ውሻ ይመጣል፣ የተረፉትም ይወልዳሉ። ዓመት ሳይሞላ እዛው ነን። እንደውም ይብሳል፤ ምክንያቱም መርዝ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም። ለሰፈሩ አጥር የሆነው የተከተበ ውሻ ይሞትና በቦታው ምንም ያልተከተበ እንግዳ ይገባል። ስጋውን ጥንብ አንሳም ጅብም ያገኘዋል፤ ሕፃን ልጅም ሊያነሳው ይችላል።

ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ሬቢስ ሲገባ ከደሴቲቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ ተገደሉ፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ሜክሲኮ በተቃራኒው ለዓመታት ውሾቿን በዘመቻ ከተበች። እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሬቢስን በማጥፋቷ ከዓለም ጤና ድርጅት እውቅና ያገኘች የመጀመሪያዋ ሀገር ሆነች። ቁጥሩ ቀላል ነው፦ ከ10 ውሾች 7ቱ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚዘልበት ድልድይ ያጣል።

አሁን ወደ አምደወርቅ ልውሰዳችሁ። የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፣ ዋግ ኽምራ። በዚያ ደጋ በግ የሚያረባ ገበሬ ያለ ውሻ እንዴት ያድራል? ጅቡንና ቀበሮውን የሚያስጥለው ውሻው ነው። ከተማ ውስጥ "ባለቤት የለውም" የምንለው ውሻም ብዙ ጊዜ ማታ የሚገባበት ደጅ፣ ቁራሽ እንጀራ የሚጥሉለት እማማ አሉት። በሀገራችን መንገድ ላይ ከምናያቸው ውሾች አብዛኞቹ ባለቤት ያላቸው፣ ግን የማይታሰሩ ናቸው። ይሄ ጥሩ ዜና ነው። ባለቤት ካለው ይዞት የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው። "ነገ ውሻችሁን በገመድ ይዛችሁ ኑ" ቢባል የሚመጣ ልጅ ሞልቷል።

አሁን ደግሞ በደሃና ገጠር ውሻ የነከሰውን እረኛ ልጅ አስቡት። በእግር አምደወርቅ መድረስ አለበት። እዚያ ክትባቱ ካልተገኘ ወደ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የአንድ ቀን መርፌም አይደለም፤ በተለያዩ ቀናት መመላለስ አለ። ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ የአባትየው የሥራ ቀን ሁሉ ይቆጠራል። ጦርነቱም ድርቁም ያደከመው ቤተሰብ ይሄን ሁሉ ከየት ያመጣል? ስለዚህ "ነገ እንሄዳለን" እየተባለ ይዘገያል። ልጁን ከማዳን ውሻውን ቀድሞ መከተብ በእጅጉ ይረክሳል የምለው ለዚህ ነው። በአማርኛችን ደሙን የሚጠይቅለት ያጣ ሰው "ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ" ይባላል። በክትባት ሊተርፍ ይችል የነበረ ልጅ ሲሞት ከዚህ በላይ ምን ደመ ከልብ አለ?

"ማምከኑስ?" ትሉኛላችሁ። ጥሩ ነው፣ እደግፈዋለሁ። አንዲት ሴት ውሻ በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ ከቡችሎቹ ብዙዎቹ በረሃብና በመኪና ያልቃሉ። ሴቷን ማምከን፣ ወንዱን ማኮላሸት ይሄን ስቃይ ይቀንሳል፣ በአንድ ጊዜ ማደንዘዣ ላይም ክትባቱን መስጠት ይቻላል። ግን ሰመመን፣ ንፁህ ክፍልና የሰለጠነ የእንስሳት ሐኪም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይቻላል፣ በዩኒቨርሲቲ ከተሞችም ይቻላል። አምደወርቅ ላይ ግን ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቅድሚያ ለክትባቱ እላለሁ። የውሻ ክትባት በገበያ ቦታ፣ በበረዶ ሳጥን ተይዞ፣ በደቂቃ የሚሰጥ ነገር ነው።

እናንተ ስማርት ስልክ የያዛችሁስ ምን ታደርጋላችሁ? የተመረዘ ውሻ ፎቶ ለጥፎ "ያሳዝናል" ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ካሜራችሁ ግን ትልቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል፦

👉 የሰፈራችሁን ውሾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። ቀለም፣ ፆታ፣ የሚያድርበትን ቦታ ጻፉ። በሰፈራችሁ የቴሌግራም ግሩፕ አስቀምጡት። ለከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ "ሰፈራችን 40 ውሻ አለ" ብሎ ማስረጃ ይዞ መሄድና "ውሻ በዝቷል" ብሎ መጮህ አንድ አይደለም።

👉 በክትባት ቀን የተከተበው አንገቱ ላይ ምልክት ይደረግለት። በማግስቱ ዞራችሁ አንሱ። ካያችኋቸው 10 ውሾች 7ቱ ምልክት ካላቸው ዘመቻው ሰርቷል። 4 ብቻ ከሆኑ አልሰራም፣ ይደገም።

👉 ሰው የነከሰ ውሻ ካለ ሳትጠጉ ከርቀት አንሱት። ውሻውን አትግደሉት፤ ለ10 ቀን በባለሙያ መከታተል ከተቻለ ትልቅ መረጃ ነው። በሽታው ካለበት በዚያ ጊዜ ይታመማል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም፣ ሕክምናውን ዛሬውኑ ይጀምራል።

👉 የተጎዳ ውሻ ወይም ቡችላ የምታነሱ ወዳጆች፣ ልባችሁ ይባረክ። ግን በባዶ እጅ አይሆንም። ቡችላም ሬቢስ ሊይዘው ይችላል። ይሄን ሥራ በቋሚነት የምትሠሩ ከሆነ ቀድማችሁ እናንተም ተከተቡ።

ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ፣ ምራቁ ቁስል ወይም ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ 15 ደቂቃ! የቡና ዱቄትም ቅጠልም አታድርጉበት። ከዚያ ጤና ተቋም። ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን የድሮውን ክትባት የምትፈሩ ካላችሁ፣ ዘመናዊው ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ተጨማሪ መርፌ አለ። ጠበሉንም ፀሎቱንም ተው አልላችሁም፤ ክትባቱን ግን አስቀድሙ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ "ሳምንት አለፈኝ፣ ደህና ነኝ" አይባልም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የዓለም የሬቢስ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ማግስት ይውላል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ የሚከፈትበት፣ ከተሜው ወደ ሀገሩ የሚገባበት ሰሞን ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት "ይሄ የእናንተ፣ ያ የእኛ" ሳይባባሉ በየዓመቱ በዚህ ቀን አብረው የውሻ ክትባት ቢያውጁስ? ዓለም ከውሻ በሚመጣ ሬቢስ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ግብ የያዘው ለ2030 ነው። ለመርዝ የሚወጣው ብርና ጉልበት ወደ መርፌ ይዙር። አምደወርቅ ተወልዳችሁ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ለመስቀል ስትገቡ ይሄን ጥያቄ ለወረዳው ይዛችሁ ግቡ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሰፈራችሁ ውስጥ ውሻ የተከተበው መቼ ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ ለወላጆችም ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!