መብራት የማትጠብቀው የስፌት መኪና

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ባሉት ሠፈሮች፣ በጠባብ ሱቅ ደጃፍና በመኖሪያ ቤት በረንዳ ላይ በእግር የምትሠራ የስፌት መኪና ማየት ዛሬም ብርቅ አይደለም። ከሰበታና ከቡራዩ በኩል ለገበያ የመጣው ገጠሬ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት የልጁን ሱሪ ዚፕ የሚያስቀይረው፣ የተተረተረ ካፖርቱን የሚያስጠግነው በእነዚሁ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ነው። ይሁን እንጂ ሥራ ፈላጊ ሴቶችን ለማደራጀት መኪና ይገዛ ሲባል ወይም ብድር ሲጠየቅ፣ የእግር መኪና ብዙውን ጊዜ እንደ ኋላ ቀር ዕቃ ትቆጠራለች። ዘመናዊ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብቻ እየሆነ ሄዷል። ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባዋል እንላለን።

የዚህችን መኪና አሠራር ልብ ብሎ ላየው ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ከታች ያለው ትልቁ መዘውር ይዞራል። በቀበቶ የተያያዘው ትንሹ መዘውር ደግሞ ከላይ በፍጥነት ይሽከረከራል። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ሲወርድ ከታች ከሚጠብቀው ሌላ ክር ጋር ይቆላለፋል። ይህ ባለ ሁለት ክር ስፌት ኤልያስ ሃው የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1846 ካስመዘገበና ሲንጀር በ1851 የራሱን መኪና ካወጣ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። የኤሌክትሪኩም መኪና ቢሆን የሚሰፋው በዚሁ ዘዴ ነው። ዋናው ልዩነት መዘውሩን የሚያዞረው ኃይል ነው።

ይህን ኃይል ታዲያ ሁልጊዜ ማግኘት ይቻላል ወይ? በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ በአገሪቱ መብራት በፈረቃ እንዲታደል ተደርጎ እንደነበር አንባቢያን ያስታውሳሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ በሞተር የምትሰፋ ሴት እጇን አጣጥፋ መቀመጧ ነው። የሱቅ ኪራዩና የብድሩ ዕዳ ግን ፈረቃ አያውቁም። በእግሯ የምትሰፋዋ በረንዳዋ ላይ በቀን ብርሃን ሥራዋን ትቀጥላለች። መብራት ጨርሶ ባልገባበት ገጠር ላለችው እህቷማ ይህ የምርጫ ጉዳይ እንኳ አይደለም።

የሞተር መኪና ጥቅም የለውም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። የፋብሪካው መኪና በደቂቃ እስከ 5000 ጊዜ ይወጋል። የእግሯ መኪና ወደዚያ አትጠጋም። በሺህ የሚቆጠር ሸሚዝ በአንድ ጊዜ ለማስረከብ የተዋዋለ ማኅበር በእግር መኪና ልሥራ ቢል ይከስራል። ነገር ግን የሠፈር ልብስ ሰፊ የዕለት ገቢ የሚገኘው ከሺህ ሸሚዝ አይደለም፤ ከማሳጠር፣ ከማጥበብ፣ ከመጣፍና ከአንድ ሁለት ቀሚስ ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ማደል ጀምሯል። ልብሱ በነጻ ቢመጣም የልጆች ቁመት አንድ አይደለምና እጅጌው የሚረዝምበት፣ ወገቡ የሚሰፋበት ሞልቷል። ዓመቱ ሳይጋመስ ጉልበቱ ላይ የሚቀደድበትም አይጠፋም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የኮሮና ወረርሽኝ ባሳሰበን ጊዜ ደግሞ የጨርቅ ማስክ እየሰፉ በየመንገዱ ያደረሱልን እነዚሁ የሠፈር ልብስ ሰፊዎች ነበሩ።

የግብርና ባለሙያዎች ይህን ነገር ከማረሻ ያውቁታል። ከውጭ የመጡ ከባድ የብረት ማረሻዎች በየጊዜው ተሞክረው በሬው አልጎትት፣ ገበሬውም ዋጋቸውን አልችል ብሎ ቀርተዋል። በአንጻሩ ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ እንስሳት ምርምር ማዕከል በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ ውኃ ለሚተኛበት ዋልካ መሬት የሚሆን መሣሪያ ለማውጣት ሲነሣ፣ መነሻ ያደረገው የአገራችንን ማረሻ ነው። ሁለቱን አጣምሮ ሰፊ መደብና የውኃ ማፋሰሻ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ገበሬው የሚያውቀው ዕቃ ስለሆነ ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው አይቸገርም። በመኪና ጠላትነታቸው የሚታወቁት የህንዱ ማህተማ ጋንዲ እንኳ የሲንጀርን የስፌት መኪና ለይተው አመስግነዋታል።

መሣሪያ ለሰው መስማማት እንዳለበት በዚሁ ክፍለ ከተማ ቅርብ ምሳሌ አለ። በዘነበ ወርቅ በሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች የሠሩት ጥልፍ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ይህ በሽታ ነርቭን ስለሚጎዳ እጅ ስሜቱን ያጣል። መርፌ ቢወጋው አይታወቀውም፤ ሳይታወቅም ይቆስላል። እንዲህ ላለው ሠራተኛ ፍጥነቱ በራሱ እጅ ወይም እግር የሚወሰን ሥራና ከማይቆም ሞተር ጋር የሚያሽቀዳድም ሥራ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ብድር የሚሰጡና የሚያደራጁ ክፍሎች መኪና ከመግዛታቸው በፊት ሴትዮዋን የት እንደምትሠራ፣ መብራቷ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ፣ ለማን እንደምትሰፋ ይጠይቋት። ሥልጠናውም ቀጥ አድርጎ በመስፋት ብቻ አያብቃ፤ ቀበቶ መቀየርን፣ የክር ውጥረት ማስተካከልንና ከመርፌው በታች የሚከማቸውን የጨርቅ ብናኝ መጥረግን ይጨምር። ይህን የማታውቅ ሴት ለትንሹም ብልሽት ጠጋኝ ፍለጋ ትሄዳለች፤ የሳምንት ገቢዋም በዚያው ይቀራል።

ያገለገለች የእግር መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው በቀለሟ አይታለል። መዘውሯን በእጁ አዙሮ ይሞክር፤ የምትይዝበት ቦታ ካለ ወይም መርፌ የሚያስረው ዘንግ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ይተዋት። ከዚያም በስስ አቡጀዴና በተደረበ ካኪ ላይ አሰፍቶ የጨርቁን ግልባጭ ይመልከት፤ ክሩ ከታች ተንዘላዝሎ ወይም ተቋጥሮ ከታየ አስተካክለው እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ከገዛት በኋላም በየሳምንቱ ጥቂት ጠብታ የመኪና ዘይት ትጠጣ። የምግብ ዘይት ግን ፈጽሞ አይግባባት፤ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቅና ትይዛለች።