ሰርጉ ይቅደም ወይስ ኤም.ቢ.ኤው?

ለዛሬው ጨዋታችን መነሻ የሆነችን አንዲት ደብዳቤ ጸሐፊ ናት። ስሜ እንዳይወጣ ብላለችና አደራዋን ጠብቄአለሁ። ዕድሜዋ 27 ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አላት፤ እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ስትሠራ 5 ዓመት ደፍናለች። ታዲያላችሁ ሰሞኑን የዕቁብ ዕጣ ወጣላትና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አባቷ "ልጄ፣ በዚህ ገንዘብ ኤም.ቢ.ኤሽን ተማሪበት" ይላሉ። እጮኛዋ ደግሞ "ገንዘቡ ለሰርጋችን ነው" ባይ ነው። አንድ ቀን ሲጨቃጨቁ ምን አላት መሰላችሁ? "ማስተርስ ከያዝሽ በኋላማ እኔን ዞር ብለሽም አታዪኝ!" ልጅቷ ጭንቅ ይዟታል። "ለመሆኑ ይሄ ኤም.ቢ.ኤ የሚሉት ነገር በሥራዬ ያሳድገኛል ወይስ ትርፉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጋዋን ፎቶ ነው?" ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ጥቅሙን በመናገር ልጀምር። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚያገላብጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ የኃላፊነት ቦታ "በመጀመሪያ ዲግሪ 8 ዓመት፣ በማስተርስ 6 ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ዓይነት መስፈርት የተለመደ ነው። ቁጥሩ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ማስተርሱ ሰልፉን ያሳጥራል። ሰልፍ የሚያጥረው ግን ሰልፉ ውስጥ ለቆመ ሰው ነው። ትናንት ተመርቆ አንድም ቀን ሳይሠራ በቀጥታ ኤም.ቢ.ኤ የገባ ልጅ "የሥራ ልምድ" የምትለዋ መስመር ላይ ሲደርስ ተመልሶ እዚያው ነው። አንቺ 5ቱን ዓመት በእጅሽ ይዘሻል።

ምሳሌ ብፈልግ ሩቅ አልሄድም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ኤም.ቢ.ኤ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። ፖለቲካውን ለሌላ ገጽ እንተወውና አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወንበሩ ቀደመ፣ ዲግሪው ተከተለ። የትምህርቱም ጠባይ እንዲያ ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1908 የጀመረው ይኸው ዲግሪ ዛሬም በብዙ ቦታ የሚሰጠው በክርክር ነው። አንድ ድርጅት የገጠመው ችግር ክፍል ውስጥ ይቀርብና "አንቺ ሥራ አስኪያጅ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ትባያለሽ። ሥራ ያላየ ሰው ለዚህ ምን ብሎ ይመልሳል?

አንቺ አካውንቲንግ ስለተማርሽ ዴቢትና ክሬዲት አዲስ አይሆንብሽም። አዲሱ ከሂሳቡ ጀርባ ያለው ነገር ነው፤ ፋይናንሱ፣ ማርኬቲንጉ፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩ፣ ስትራቴጂው። ብድር ፈላጊ ነጋዴ ሲመጣ "ደብተሩ ትክክል ነው ወይ?" ብለሽ ብቻ አታልፊም፤ "ይህ ሥራ ከ3 ዓመት በኋላ ይኖራል ወይ?" ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ከመስኮት ወደ ብድር ክፍል የሚያሻግርሽ እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። ሌላው ትርፍ ደግሞ የማታው ክፍል ራሱ ነው። አጠገብሽ የሚቀመጠው ከቴሌ፣ ከኢንሹራንስ፣ ከአስመጪ ቢሮ ሥራውን ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያው ሳይወጣ የምትሰሚው ከእነሱ ነው።

ጊዜውም ያንቺ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ምክር ቤቱ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ተከፈተ። እንግዲህ እንዲህ ባለ ዘመን ባንክ ውስጥ ብር ቆጥሮ የሚያስረክብ ብቻ ሳይሆን አደጋን አስልቶ የሚናገር ሰው ይፈለጋል። ስለዚህ የመምረጥ ዕድል ካገኘሽ ወደ ፋይናንስ ያዘነበለውን ያዢ።

አሁን ደግሞ መራራውን ልንገርሽ። በብዙ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ መደቡ እንጂ ለወረቀቱ አይደለም። ተመርቀሽ በማግስቱ እዚያችው መስኮት፣ እዚያችው ደመወዝ ላይ ልትገኚ ትችያለሽ። እንዲያ ሆኖ እንዳይቆጭሽ፣ የዕቁቡን ገንዘብ ከመንካትሽ በፊት እነዚህን አድርጊ።

አንደኛ፣ የሰው ኃይል ክፍላችሁን ጠይቂ። የሠራተኛን የትምህርት ወጪ በሙሉ ወይም በከፊል የሚሸፍኑ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። በምላሹ የአገልግሎት ግዴታ ያስፈርማሉና ስንት ዓመት እንደሚያስርሽ፣ ብትለቂ ስንት እንደምትመልሺ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ!

ሁለተኛ፣ በግል ተቋም የምትማሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያው ካምፓስ ፈቃድ መስጠቱን አረጋግጪ። በር ላይ የተሰቀለ ታፔላ ፈቃድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ለብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከአሁኑ ተዘጋጂ። ዲግሪ ይዞ ሄዶ መመዝገብ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አልፏል።

ስትገቢ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍሽን የራስሽ ባንክ በሚቸገርበት ጉዳይ ላይ ሥሪው። አለቆችሽ ሊያነቡት የሚፈልጉትን ነገር ጻፊላቸው።

ወደ እጮኛሽ ልምጣ። ልጁን ክፉ ነው አልልም፤ ፈርቷል። ቁጭ በሉና በግልጽ ተነጋገሩ። የማታ ትምህርት 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ምሽትሽን ይወስዳል፤ ይህንን ከአሁኑ ማወቅ መብቱ ነው። ዕቁቡን ከደመወዝሽ እየቀነስሽ የጣልሽው ግን አንቺ ነሽና የመጨረሻው ቃል ያንቺ ነው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ትምህርቱን ጀምሪ። ባንክሽ ከከፈለልሽ ዕቁቡ ለሰርጉ ይትረፍ፤ ካልከፈለልሽ ድንኳኑን አሳንሱት። 500 ሰው ይብላ ያለ ሕግ የለም፤ ሽማግሌና ቤተ ዘመድ ያጀበው ትዳርም ትዳር ነው።

ይህን ሁሉ ብለሽው አሁንም "ወይ እኔን ወይ ትምህርቱን" ካለ ግን፣ እህቴ፣ ጠባችሁ የገንዘብ አይደለም። እሱን ከሰርጉ በፊት ማወቅሽ ደግ ነው።

የሰው ኃይል ክፍሉ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ ሌሎችም ይማሩበታል። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!