የጋን ውስጥ መብራት

ይኸው ደግሞ አሮጌ ዕቃ ተወደደልን። ጎንደር ፒያሳም ሆነ አዲስ አበባ ቦሌ፣ «ባህላዊ» የሚል ታፔላ የሰቀለ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ አስተናጋጅ አይደለም፤ ጋን ነው። እሱም ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ አምፖል ተከቶበት ኮርኒስ ላይ ተንጠልጥሏል። (አባቶቻችን ሙያው ተሸፍኖ የቀረውን ሰው «የጋን ውስጥ መብራት» ሲሉ፣ ነገሩ አንድ ቀን እንዲህ ቃል በቃል ይፈጸማል ብለው አልነበረም።) እንስራው አፍ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቷል። ሞሰቡ ግድግዳ ላይ ተቸንክሯል። አገልግሉ፣ ሙቀጫው፣ ማሾው፣ ጉልቻው ሳይቀር ተደርድሮ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል።

ደግ። ሸክላ መውደድን እኔም ከማንም አልማርም። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ይህን ጋን ማን ሠራው?

ለጎንደር ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ወለቃ አለች። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሸምኑ ነበር። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ግንበኛና አናጢ ሆነው ለቤተ መንግሥቱ ሠርተዋል። ርስት ግን አልነበራቸውም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኞቹ የሰው መሬት ጢሰኞች ነበሩ። አፈሩን ማረስ በመብት ያልተፈቀደለት ሰው አፈሩን አቡክቶ ኖረ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኛስ ምን አልናቸው? «ጠይብ» አልናቸው። ቃሉ «ጠቢብ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ስድብ ሆነ። «ቡዳ» አልናቸው። ልጅ ሲያመው የእሷ ዓይን ነው፤ ከብት ሲሞት የእሷ ዓይን ነው። በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተን እየበላን፣ እሷን ከገበታ አራቅን። እነሱም በሃይማኖታቸው ሥርዓት ከሌላው ጋር መነካካትን ይጠነቀቁ ነበር፤ እውነት ነው። ጥንቃቄና ስድብ ግን አንድ አይደሉም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ አለ።

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወጡ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ወለቃ ላይ ሙያውን የተረከቡት ሌሎች ድሃ ሴቶች ናቸው። ከሙያው ጋር ስሙንም ተረከቡ። እነሱ ለቱሪስት ትንንሽ ምስል መሥራትን ቀጠሉ፤ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ የይሁዳ አንበሳ። ከዚያ በ2012 ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ጦርነት፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የክልሉ ግጭት። ቱሪስቱ ራቀ። ሰሎሞን ከነሳባው መንገድ ዳር ገዢ ሲጠብቅ ቀረ።

«ታዲያ እኛ አሮጌ ዕቃ ወዳዶቹ ጠቀምናት እንጂ ምን በደልናት?» የሚል ይኖራል። እሺ፣ እንተሳሰብ። ጋን መሥራት ቀልድ አይደለም። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ የተሰበረ ሸክላ ተደቁሶ ይቀላቀልበታል። መንኮራኩር የለም፤ በእጅ እየተካበ፣ እየተዳመጠ ይወጣል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት ካየ ይሰነጠቃል፤ የስንት ቀን ልፋት በአንድ እሳት ገደል ይገባል። ይህን ያለፈች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ገበያ ስትቀመጥ፣ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ «አንቺ ሴትዮ፣ ቀንሺ እንጂ!» ይላታል። «እናቴ» ማለት ዋጋ የሚያስጨምር ይመስለዋል። እዚያ በጥቂት ብር ተጨቃጭቆ ሲያበቃ፣ ማታ ከዚያው ጋን ሥር ተቀምጦ ሒሳቡን ከነጉርሻው ሳያንገራግር ይከፍላል።

ዋናው በደል ግን ሌላ ነው። ሸክላ ሠሪ የምትኖረው ሸክላ ስለሚሰበር ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ይገላበጣል፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ባለቤቲቱም ሌላ ትገዛለች። ድስትም እንደዚያው፣ ጀበናም እንደዚያው። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ጋን ግን አይሰበርም። አንዴ ተገዝቷል፣ አለቀ። ጠላው በፕላስቲክ በርሜል ተጠምቆ ጋኑ ጌጥ ከሆነ፣ የሴትዮዋ ገበያ ተዘጋ ማለት ነው። ጌጥ አደረግናት ብለን ስንኩራራ ደንበኝነታችንን ወስደንባታል።

በእንስራ ውኃ እንቅዳ አላልኩም። ጎበዝ፣ እንስራ ባዶውን እንኳ ሸክም ነው! ቢጫው ጀሪካን የስንቷን ልጃገረድ ወገብ እንዳሳረፈ፣ ዳገት ወጥታ ውኃ የቀዳች ታውቃለች። የእንስራ ናፍቆት የሚበረታው አዝሎት በማያውቅ ሰው ላይ ነው። የሚቀር ነገር ይቅር። ድስቱ ግን ለምን ይቀራል? ሽሮ በሸክላ እንደሚጣፍጥ ያው ሆቴል በምግብ ዝርዝሩ ላይ በትልቁ ጽፎ የለም እንዴ?

አንድ ቀን ከሳሎኑ አልፋችሁ የሆቴሉን ማድ ቤት እዩ። እንጀራ የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪኩን ክዳን ብታነሡ፣ ከታች ያለው ምጣድ ሸክላ ነው፤ ሴት በእጇ የሠራችው፣ በጎመን ዘር የተሟሸ ሸክላ። ሲሰነጠቅ ሌላ ይገዛል፤ ሠሪዋም ትበላለች። ማንም ግን ፎቶ አያነሣውም። የሆቴሉ ጌታ፣ ለኮርኒሱ ጋን የሚያወጡትን ብር ለዚህ ምጣድ ያውጡት፤ ዋጋውንም ከሻጯ ጋር ሳይጨቃጨቁ ይክፈሉ። ሲከፍሏት ደግሞ ስሟን ይጠይቋት።